ያልተሞከረው ቅደም ተከተል፦ በባለብዙ ክር ሶፍትዌር ውስጥ የሚያደፍጡ ስህተቶችና የሚገኙባቸው ዘዴዎች



የዚህ ዲስኩር ርእሰ ጉዳይ በባለብዙ ክር ሶፍትዌር ውስጥ የሚያደፍጡ የቅደም ተከተል ስህተቶችና እነርሱን ለማግኘት የተፈለሰፉ ዘዴዎች ናቸው። ጉዳዩ ከሩቅ ሲታይ የፕሮግራመሮች የጓዳ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ገንዘብ ከወረቀት ወደ ስልክ በተሻገረበት ከተማ ሁሉ ዳፋው የሚያርፈው በባለ ሱቁ፣ በተከራዩና የዘመድ እርዳታ በሚጠባበቀው ሰው ላይ ነው። ካርቱም ለዚህ ጎላ ያለች ምሳሌ ናት።

ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ከፈነዳ ወዲህ ብዙ የባንክ ቅርንጫፎች ተዘረፉ፣ ተዘጉ፤ ጥሬ ገንዘብም ከገበያ ጠፋ። ታሪኩን ከ1913 እ.ኤ.አ. የሚጀምረው የካርቱም ባንክ ከጦርነቱ በፊት ያቀረበው ባንካክ የተባለው የስልክ መተግበሪያ ዳቦ የሚገዛበት፣ ኪራይ የሚከፈልበት፣ ከውጭ የተላከ ገንዘብ ከእጅ የሚገባበት ዋነኛ መንገድ ሆነ። መንገዱ ግን የተደላደለ አልነበረም። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የሱዳኒ፣ የኤምቲኤንና የዜይን ኔትወርኮች ተከታትለው ሲቋረጡ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከግንኙነት ውጭ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህም በብዙ ሰፈሮች ሕዝቡ የስታርሊንክ ሳተላይት ኢንተርኔት መቀበያ ወዳለበት ቦታ እየሄደ፣ ለጥቂት ጊዜ የሚሆን ኢንተርኔት እየገዛ ክፍያውን መፈጸም ለመደ።

ይህ ልማድ ለሶፍትዌር ባለሙያ ትልቅ ትርጉም አለው። ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመለስ፣ በደኅናው ጊዜ ቀኑን ሙሉ ተበታትነው ይመጡ የነበሩ ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ይጎርፋሉ፤ መልስ የዘገየበት ተጠቃሚ ደግሞ «ላክ» የሚለውን ቁልፍ ደግሞ ይጫናል፤ በዚህም ምክንያት አንዱን ሒሳብ የሚነኩ ሁለት ጥያቄዎች በሰከንድ ሽራፊ ልዩነት፣ አንዳንዴም ጭርሱን በአንድ ቅጽበት ሰርቨሩ ላይ ይደርሳሉ። ጥሩ ኔትወርክ ባለበት ቢሮ ውስጥ በጥቂት ሰዎች የተሞከረ ሶፍትዌር እንዲህ ያለውን አመጣጥ አላየውም። ከዚህ የሚነሣው የዲስኩሩ አቋም አንድ ነው፤ ተራ ሙከራ የሚመሰክረው ስለሆነው ነገር ሲሆን፣ የቅደም ተከተል ስህተት የሚያዘው ግን ሊሆን ይችል የነበረውን በሚጠይቅ ዘዴ ነው።

ለመነሻ ያህል ቃላቱን ማብራራት ያስፈልጋል። ዘመናዊ ፕሮግራም ሥራውን በአንድ መስመር ብቻ አያካሂድም፤ ጎን ለጎን የሚሄዱና ያንኑ ሜሞሪ የሚጋሩ የትእዛዝ መስመሮችን ይከፍታል፤ እነዚህም በሙያው ልማድ ትሬድ፣ በዚህ ዲስኩር ደግሞ ክር ይባላሉ። የትኛው ክር መቼ ፕሮሰሰሩን እንደሚያገኝና መቼ እንደሚለቅ የሚወስነው በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ ያለው ተራ አስከባሪ ነው፤ ውሳኔውም ከሩጫ ሩጫ ይለያያል፣ ፕሮግራመሩ አያዘውም፣ ተጠቃሚውም አያየውም። ሁለት ክሮች አንዱን ዳታ ያለ ስምምነት ሲነኩና ቢያንስ አንዳቸው ሲጽፉበት፣ ውጤቱ «ማን ቀደመ?» በሚለው ላይ ይንጠለጠላል፤ ይህ የሽሚያ ስህተት ይባላል። ሽሚያውን ለማስቀረት ቁልፍ፣ ማለትም አንዱ ክር ዳታውን እስኪጨርስ ሌላው እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ሥርዓት ይዘረጋል። ቁልፉ ራሱም የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ክሮች አንዱ የሌላውን ቁልፍ እየጠበቁ ሁለቱም ሳይንቀሳቀሱ ሲቀሩ መቆላለፍ ደረሰ ይባላል።

የሽሚያን ጠባይ በቅርብ ለማየት በአንድ ሒሳብ ውስጥ 50,000 የሱዳን ፓውንድ ይኑር፤ ከዚህም ሒሳብ አንዱ 40,000፣ ሌላው 30,000 ፓውንድ የሚያስተላልፉ ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ይምጡ። እያንዳንዱን ጥያቄ የሚያስተናግደው ክር ሦስት እርምጃ አለው፤ ቀሪውን ሒሳብ ያነባል፣ ገንዘቡ እንደሚበቃ አረጋግጦ አዲሱን ቀሪ ያሰላል፣ ከዚያም አዲሱን ቀሪ ይጽፋል። የመጀመሪያው ክር 50,000 አንብቦ ገና ሳይጽፍ ሁለተኛውም 50,000 ያነባል፤ ሁለቱም «ይበቃል» ይላሉ፤ የመጀመሪያው 10,000 ይጽፋል፣ ሁለተኛው ደግሞ በላዩ 20,000 ይጽፍበታል። በመጨረሻ ከሒሳቡ 70,000 ወጥቶ 20,000 ቀርቷል፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ 40,000 ፓውንድም ተፈጥሯል። በዚህ መካከል የስህተት መልእክት አልታየም፣ ፕሮግራሙም አልቆመም፤ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ሲመረመር የሠራው ሁሉ ትክክል ነው።

ሦስት ሦስት እርምጃ ያላቸው ሁለት ክሮች ሊፈራረቁ የሚችሉባቸው መንገዶች 20 ናቸው። ከእነዚህ መካከል ትክክለኛውን ውጤት የሚሰጡት አንዱ ክር ሙሉ በሙሉ ከጨረሰ በኋላ ሌላው የሚጀምርባቸው 2 ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት 18 በሙሉ ባለ ሒሳቡ ከሌለው ገንዘብ እንዲያወጣ ያደርጋሉ። ሆኖም ሦስቱ እርምጃዎች ተከናውነው የሚያልቁት ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ስለሆነ፣ በተረጋጋ ሙከራ ጊዜ የሚታዩት ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ ሁለቱ ትክክለኛ መንገዶች ናቸው። እርምጃዎቹ በየክሩ 10 ሲሆኑ መንገዶቹ 184,756 ይደርሳሉ፤ 20 ሲሆኑ ደግሞ ከ137 ቢሊዮን ይበልጣሉ። ስለዚህ ሁሉንም ቅደም ተከተል አንድ በአንድ መሞከር የማይታሰብ ሲሆን፣ አንዱን ቅደም ተከተል ሚሊዮን ጊዜ መደጋገምም የሚጨምረው እውቀት ኢምንት ነው።

ይህ ምሳሌ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። ፍሌክስኮይን የተባለው የካናዳ የቢትኮይን ተቋም በ2014 እ.ኤ.አ. 896 ቢትኮይን ተዘርፎ የተዘጋው፣ አጥቂው በራሱ ሒሳቦች መካከል በሺህ የሚቆጠሩ የማስተላለፍ ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ በመላክና ቀሪ ሒሳቡ ሳይታደስ ደጋግሞ በማውጣት ነበር። በኢትዮጵያም መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ የቻሉበት ሁኔታ ተፈጥሮ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ 490 ሺህ ገደማ ግብይቶች ሲካሄዱ ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበር ባንኩ አስታውቋል። ባንኩ መንስኤውን ያያያዘው ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር እንጂ ከክሮች ሽሚያ ጋር አይደለም፤ ነገር ግን «ከሒሳቡ በላይ አይወጣም» የሚለው አንድ ሕግ ለአንድ ሌሊት ሲላላ ምን ያህል ጉዳት እንደሚከተል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አያስፈልግም።

የስህተቱን አድፋጭነት በይበልጥ የሚያሳዩ ሁለት የታወቁ አደጋዎች አሉ። የመጀመሪያው ቴራክ-25 የተባለው የካንሰር ጨረር ማከሚያ መሣሪያ ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ በስድስት ሕሙማን ላይ ያደረሰው ከመጠን ያለፈ ጨረር ነው። በቴክሳስ ታይለር ከተማ በደረሰው አደጋ የመሣሪያው ሠራተኛ የጨረሩን ዓይነት በስህተት ካስገባች በኋላ በፍጥነት ተመልሳ አረመችው፤ ማግኔቶቹ ቦታቸውን እስኪይዙ ግን 8 ሰከንድ ያህል ይወስድ ስለነበር፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተደረገውን እርማት አንዱ የፕሮግራሙ ክፍል ሲቀበለው ሌላው ሳያየው ቀረ። አምራቹ ችግሩን ደግሞ ማሳየት ባቃተው ጊዜ ስህተቱን ያገኙት የሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያና ሠራተኛዋ ሲሆኑ፣ ያገኙትም የአጻጻፍ ፍጥነቱን እየለዋወጡ በመሞከር ነበር። ከቀዳሚው ቴራክ-20 በተወረሰው ኮድ ውስጥም ተመሳሳይ ስህተት ነበር፤ በዚያ መሣሪያ ላይ ግን በሃርድዌር የተሠራ መከላከያ ስለነበር ጉዳት ሳያደርስ ተደብቆ ኖሯል።

ሁለተኛው ኦገስት 14 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ መብራት ያጣበት ቀን ነው። በኦሃዮ ያለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ይጠቀምበት በነበረው የጄኔራል ኤሌክትሪክ የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ውስጥ ሁለት ሂደቶች አንዱን የዳታ ክፍል በአንድ ጊዜ ለመጻፍ በመሻማታቸው የማስጠንቀቂያው ክፍል ዝም አለ፤ ተቆጣጣሪዎቹም መስመሮች አንድ በአንድ ሲወድቁ የሚነግራቸው አልነበረም። አምራቹ እንዳስታወቀው ሶፍትዌሩ በልዩ ልዩ ተቋማት በድምሩ ከ3 ሚሊዮን ሰዓት በላይ ያለዚህ ችግር ሠርቶ ነበር፤ ሽሚያው ሊፈጠር የሚችልበት ጊዜ ግን በሚሊሰከንድ የሚለካ ነበር። መርማሪዎቹ ስህተቱን የያዙት ከአደጋው 8 ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ኮዱ ውስጥ ሆን ብለው መዘግየት እየጨመሩ ማስጠንቀቂያዎችን በመላክ ነው። በሁለቱም አደጋዎች ስህተቱን ያወጣው የጊዜው መለዋወጥ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ በዘመናዊ ዘዴዎች ዘንድም ዋናው ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

የሚታደኑት ስህተቶች ምን እንደሚመስሉ ሲታይ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዋ ሻን ሉና ባልደረቦቿ ከማይኤስኪውኤል፣ ከአፓቺ፣ ከሞዚላና ከኦፕንኦፊስ ሶፍትዌሮች የተወሰዱ 105 እውነተኛ ስህተቶችን መርምረው ያወጡት ጥናት ለስህተት አዳኞች መልካም ዜና ይዟል። መቆላለፍ ካልሆኑት 74 ስህተቶች መካከል 97 በመቶው ከሁለት ዓይነት አንዱ ናቸው፤ ወይ ሳይቋረጥ በአንድነት መከናወን የነበረበት ተግባር በመካከሉ ሌላ ክር ገብቶበታል፣ ወይም ሀ ከለ በፊት ይሆናል ተብሎ የታሰበው ተገልብጧል። ከጠቅላላዎቹ 96 በመቶው እንዲከሰቱ በሁለት ክሮች መካከል የተወሰነ ቅደም ተከተል ማስጠበቅ ብቻ በቂ ነው፤ 92 በመቶው ደግሞ ከአራት የማይበልጡ የሜሞሪ ንክኪዎች በተወሰነ ቅደም ተከተል ከተደረደሩ ያለ ጥርጥር ይታያሉ። እንግዲህ የፍለጋው ሜዳ ወሰን የለሽ ቢመስልም፣ ስህተቶቹ የሚያደፍጡት በጥቂት ክሮችና በጥቂት እርምጃዎች መካከል ባለ ጠባብ ቦታ ነው።

የመጀመሪያው የፍለጋ ዘዴ የቁልፎችን ሥርዓት መመርመር ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ስቴፋን ሳቬጅና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ኢሬዘር የተባለ መሣሪያ ለእያንዳንዱ የጋራ ዳታ «ይህን የሚጠብቁ ሊሆኑ የሚችሉ ቁልፎች» የሚል ዝርዝር ይይዛል፤ ዳታው በተነካ ቁጥር በዚያ ጊዜ ያልተያዙትን ቁልፎች ከዝርዝሩ ይሰርዛል። አንዱ ክር ቀሪ ሒሳቡን የሒሳቡንና የመዝገቡን ቁልፎች ይዞ ቢነካ፣ ሌላው የመዝገቡን ቁልፍ ብቻ ይዞ ቢነካ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሒሳቡን ቁልፍ ብቻ ይዞ ቢነካ፣ እያንዳንዳቸው ቁልፍ ይዘው ነበር፤ ሁሉንም የሚያገናኝ አንድ ቁልፍ ግን ስለሌለ ዝርዝሩ ባዶ ይሆንና ማስጠንቀቂያ ይወጣል። የዚህ ዘዴ ብርታት ሽሚያው በዚያ ሩጫ ባይከሰትም እንኳ ሥርዓቱ መጣሱን ማየቱ ነው። ድክመቱ ደግሞ ከቁልፍ ውጭ ባለ ስምምነት የተጠበቀውን፣ ለምሳሌ አንዱ ክር አዘጋጅቶ ከጨረሰ በኋላ ለሌላው ያስረከበውን ዳታ፣ ጥፋት አድርጎ ሊቆጥር መቻሉ ነው፤ የሐሰት ማስጠንቀቂያ የበዛበት ፕሮግራመር ደግሞ እውነተኛውንም ሳያነብ ያልፈዋል።

ሁለተኛው ዘዴ መሠረቱን የሚያገኘው ሌስሊ ላምፖርት በ1978 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የቅድምና ግንኙነት ነው። በዚህ አስተሳሰብ አንዱ ድርጊት ከሌላው ቀደመ የሚባለው በግድግዳ ሰዓት ተለክቶ ሳይሆን፣ በመካከላቸው የሚያስገድድ ሰንሰለት ሲኖር ነው፤ በአንድ ክር ውስጥ ፊት ያለው ትእዛዝ ከኋለኛው ይቀድማል፣ ቁልፍ የለቀቀም ያንኑ ቁልፍ በኋላ ከሚይዘው ይቀድማል። በእንዲህ ያለ ሰንሰለት ያልተያያዙ ሁለት ንክኪዎች በአንዱ ዳታ ላይ ካሉና ቢያንስ አንዱ ጽሕፈት ከሆነ ሽሚያ አለ ማለት ነው። ሰንሰለቱን ለመከታተል እያንዳንዱ ክር የራሱንና ስለ ሌሎቹ ክሮች የሚያውቀውን የእርምጃ ቁጥር የያዘ ሠንጠረዥ ይሸከማል፤ ቬክተር ክሎክ የሚባለውም ይህ ነው። ሠንጠረዡን ለእያንዳንዱ የሜሞሪ ንክኪ ማስላት እጅግ ከባድ ስለነበር፣ ኮርማክ ፍላናገንና ስቲቨን ፍሮይንድ በ2009 እ.ኤ.አ. ፋስትትራክ በተባለው ሥራቸው፣ በአብዛኛው ሁኔታ የመጨረሻውን ጸሐፊ ክርና የእርምጃ ቁጥሩን ብቻ መያዝ እንደሚበቃ አሳዩ።

ዛሬ በሰፊው የሚሠራባቸው መሣሪያዎች የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ከጉግል የወጣው ትሬድሳኒታይዘር ኮድን ወደ ማሽን ትእዛዝ በሚለውጡት በክላንግና በጂሲሲ ኮምፓይለሮች ውስጥ ተካቶ ይገኛል፤ ጎ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም የራሱ የሽሚያ መርማሪ አለው፤ ሊኑክስም ለከርነሉ፣ ማለትም ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ በሌላ ስልት የሚሠራ የሽሚያ መርማሪ በ2020 እ.ኤ.አ. አስገብቷል። ትሬድሳኒታይዘር ፕሮግራሙን ከ5 እስከ 15 እጥፍ ስለሚያዘገየው ለዕለታዊ አገልግሎት አይሆንም፤ በሙከራ ጊዜ ግን ዋጋው የሚቻል ነው። ሊታወቅ የሚገባው ወሰኑ፣ የሚመረምረው በዚያ ሩጫ የተነካውን ኮድ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለቱ ክሮች በዚያን ጊዜ በአጋጣሚ አንድ የማይመለከታቸውን ቁልፍ ተቀባብለው ከሆነ፣ ያ ቅብብል ሰንሰለት መስሎ እውነተኛውን ሽሚያ ይሸፍነዋል።

ሦስተኛው ዘዴ ይህን ሽፋን የሚገፍ ሲሆን፣ ተራ አስከባሪውን ራሱን በእጅ ማድረግ ነው። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ቼስ የተባለ መሣሪያ ክሮቹ የሚፈራረቁባቸውን መንገዶች በሥርዓት እየመረጠ ያስኬዳል፤ ብዙ ስህተቶች ክሮቹ ያለ ፈቃዳቸው አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ሲቋረጡ የሚታዩ በመሆናቸው ፍለጋውን በጥቂት ማቋረጦች ይወስነዋል። ቀጥሎ በ2010 እ.ኤ.አ. የቀረበው ፒሲቲ የተባለ ስልት ደግሞ ለክሮቹ የቅድሚያ ደረጃ በዕጣ ይሰጣል፣ ጥቂት ቦታዎችንም በዕጣ መርጦ ደረጃውን ይለውጣል። የዚህ ስልት ልዩ ጥቅም በእያንዳንዱ ሩጫ ስህተቱ የሚገኝበትን ዕድል ዝቅተኛ ወሰን በሒሳብ መናገሩ ነው። ከላይ በተጠቀሰው የሒሳብ ምሳሌ ዓይነት፣ ሁለት ክሮችና በድምሩ 1,000 እርምጃዎች ባሉበት ፕሮግራም፣ ዕድሉ በአንድ ሩጫ ቢያንስ ከ2,000 አንድ ነው፤ ይህ ትንሽ ቢመስልም 10,000 ጊዜ በተለያየ ዕጣ ቢሮጥ ስህተቱ የመገኘት ዕድሉ ከ99 በመቶ ይበልጣል። ዕጣው የወጣበት ቁጥር ከተመዘገበም ያንኑ ሩጫ መድገም ይቻላል፤ ታይቶ የጠፋ ስህተትን እንደገና መጥራት መቻል ደግሞ የእርማቱ ግማሽ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያደናግር አንድ ልዩነት አለ። ፕሮግራመሩ ቀሪ ሒሳቡን ሲያነብ ቆልፎ ቢከፍት፣ ሲጽፍም እንደገና ቆልፎ ቢከፍት፣ እያንዳንዱ ንክኪ በቁልፍ ስለተጠበቀ ከላይ የተዘረዘሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘዴዎች ምንም ጥፋት አያዩም፤ ነገር ግን በንባቡና በጽሕፈቱ መካከል ቁልፉ ክፍት ስለነበር 40,000 ፓውንዱ አሁንም ይፈጠራል። የተጣሰው የንክኪው ጥበቃ ሳይሆን የተግባሩ አለመከፈል ነው። ይህን የሚያገኙ መሣሪያዎች የሚጠይቁት፣ የታየው አፈራረቅ ተግባሮቹ በየተራ ተፈጽመው ቢሆን ከሚሰጡት ውጤት ጋር ይስማማል ወይ ብለው ነው፤ ለዚህም ፕሮግራመሩ የትኞቹ እርምጃዎች በአንድነት መሆን እንዳለባቸው አስቀድሞ መናገር አለበት፣ ወይም መሣሪያው ከብዙ ትክክለኛ ሩጫዎች መማር አለበት።

መቆላለፍን ማግኘት ከዚህ ይቀልላል። ከሒሳብ ሀ ወደ ሒሳብ ለ የሚያስተላልፈው ክር የሀን ቁልፍ ይዞ የለን ሲጠብቅ፣ በዚያው ቅጽበት ከለ ወደ ሀ የሚያስተላልፈው ደግሞ የለን ይዞ የሀን ቢጠብቅ ሁለቱም ይቆማሉ። መርማሪው የትኛው ቁልፍ ተይዞ ሳለ የትኛው እንደተጠየቀ በመስመር ያያይዛል፤ መስመሮቹ ዞረው የሚገጥሙ ከሆነ መቆላለፉ ባይደርስም እንኳ ሊደርስ እንደሚችል ይናገራል። በሊኑክስ ከርነል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ሎክዴፕ የሚሠራው እንዲሁ ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ገንዘቡ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄድ ትንሹ የሒሳብ ቁጥር ሁልጊዜ ቀድሞ ይቆለፋል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ፕሮግራሙን ጭርሱን ሳያስኬዱ የሚመረምሩ ዘዴዎችም አሉ። ፌስቡክ በ2017 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሬሰርዲ የጃቫ ኮድ በተለወጠ ቁጥር አንብቦ ያልተጠበቀ ንክኪን ለፕሮግራመሩ ያመለክታል፤ ራስት የተባለው ቋንቋ ደግሞ በተለመደው አጻጻፉ የዳታ ሽሚያ ያለበትን ኮድ ኮምፓይለሩ እንዳይቀበል አድርጎ የተነደፈ ነው። ከኮዱም በፊት ንድፉን መመርመር ይቻላል፤ ላምፖርት ባዘጋጀው ቲኤልኤ ፕላስ በተባለ የንድፍ ቋንቋ የተጻፈን ሥርዓት፣ አብሮት የሚሠራው መርማሪ ሊደርስባቸው የሚችላቸውን ሁኔታዎች ሁሉ ይዘልቃቸዋል። የአማዞን መሐንዲሶች ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ሲጠቀሙ፣ ዳይናሞዲቢ በተባለው ዳታቤዛቸው ንድፍ ውስጥ ሊታይ የሚችለው 35 እርምጃዎች በተወሰነ መልክ ሲከታተሉ ብቻ የሆነ ስህተት አግኝተዋል። እንዲህ ያለውን ሰንሰለት የትኛውም ትጉህ ሞካሪ በግምት አይደርስበትም።

የባንክ ሶፍትዌርን በሚመለከት ግን እስካሁን ከተባለው በላይ አንድ ነገር መታከል አለበት። በዘመናዊ የክፍያ ሥርዓት ሁለቱ ጥያቄዎች በሁለት የተለያዩ ሰርቨሮች ሊስተናገዱ ይችላሉ፤ የጋራ ዳታቸውም በሜሞሪ ሳይሆን በዳታቤዝ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሜሞሪን ሽሚያ የሚያድነው መሣሪያ በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ ንጹሕ መሆኑን እየመሰከረ፣ ያው የ40,000 ፓውንድ ስህተት በዳታቤዙ ላይ ሊፈጸም ይችላል። ዳታቤዞች ተግባሮችን እርስ በርስ የሚለያዩባቸው ደረጃዎች አሏቸው፤ ብዙዎቹም ለፍጥነት ሲባል ከከፍተኛው ደረጃ ዝቅ ብለው ይጀምራሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 12 የታወቁ የኢንተርኔት መገበያያ ሶፍትዌሮችን የዳታቤዝ ጥያቄ መዝገብ መርምረው፣ ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ሲላኩ ለጥቃት የሚያጋልጡ 22 ከባድ ክፍተቶችን አግኝተዋል። ዘዴያቸው ከላይ የተባለው ሐሳብ ወደ ዳታቤዝ የተሻገረ ነው፤ ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ የመጡበትን መዝገብ ይዘው፣ ተደራርበው ቢመጡ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አሰሉ።

ለካርቱም ዓይነት ሁኔታ የሚሆን ሙከራም ከዚሁ ይነሣል። ሞካሪው ጥያቄ ልኮ መልሱ ሳይደርስ ግንኙነቱን ይቆርጣል፣ ያንኑ ጥያቄ ይደግማል፣ ለብዙ ሰዓት የተጠራቀመ ክፍያ በአንድ ቅጽበት ይለቃል፣ ከአንዱ ሒሳብ በሁለት ስልክ ያስተላልፋል፤ ከዚያም አንድ ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ መፈጸሙን ያረጋግጣል። ለእያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ ከስልኩ የሚወጣ የማይደገም መለያ ቁጥር ካለ፣ ድጋሚው ጥያቄ አዲስ ክፍያ ሳይሆን የቀድሞው ጥያቄ ቅጂ መሆኑ ይታወቃል፤ መለያውን የመመዝገቡ ተግባር ራሱ ግን ለሽሚያ የተጋለጠ በመሆኑ እርሱም በዚያው ዓይን መመርመር አለበት። ሶፍትዌሩ ሥራ ከጀመረ በኋላም የመጨረሻው ዘብ የሒሳብ ማመሳከር ነው፤ በየሰዓቱ የወጣውና የገባው ሲደመር እኩል ካልሆነ፣ የትኛውም መርማሪ ያላየው ስህተት በ40,000 ፓውንድ ልዩነት ራሱን ያጋልጣል።

ከእነዚህ ዘዴዎች አንዳቸውም ብቻቸውን በቂ አይደሉም። በአንድ ፕሮግራም ሩጫ ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉትን ሽሚያዎች ሁሉ በትክክል ለይቶ ማውጣት በስሌት ረገድ እጅግ ከባድ ከሆኑ ችግሮች አንዱ መሆኑን ሮበርት ኔትዘርና ባርተን ሚለር በ1990 እ.ኤ.አ. አረጋግጠዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መሣሪያ ወይ የሐሰት ማስጠንቀቂያ መስጠትን ወይም አንዳንድ ስህተት ማሳለፍን ይመርጣል። ብልህ ተቋም የሚያደርገው የአንዱን ጉድለት በሌላው መሙላት ነው፤ ንድፉን በሞዴል ይመረምራል፣ ኮዱን በተለወጠ ቁጥር በሽሚያ መርማሪ ውስጥ ያሳልፋል፣ ወሳኙን የገንዘብ ክፍል በዕጣ በተመረጡ አፈራረቆች ያስሮጣል፣ ዳታቤዙን በተቆራረጠ ኔትወርክና በተደራረበ ጥያቄ ይፈትናል። ትሬድሳኒታይዘር፣ የጎ መርማሪና ቲኤልኤ ፕላስ በነፃ የሚገኙና በተራ ላፕቶፕ የሚሠሩ ስለሆኑ፣ በጦርነት ከተበተነው ከካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንሥቶ እስከ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ድረስ ለመማር የሚያግደው የገንዘብ እጦት አይደለም፤ የሚያስፈልገው ትምህርቱ ከንድፈ ሐሳብ አልፎ እውነተኛ ስህተት ወደሚታደንበት የሙከራ ክፍል መግባቱ ነው።

ሥራ አመራሮችና ተቆጣጣሪ አካላትም የበኩላቸው ድርሻ አላቸው። አዲስ የክፍያ ሶፍትዌር ወይም ማሻሻያ ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት የሚቀርብላቸው የሙከራ ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ ስንት ሙከራ እንደተካሄደና ስንቱ እንዳለፈ የሚዘረዝር ነው። 3 ሚሊዮን ሰዓት ያለ እንከን የሠራው የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እንዳስተማረው፣ ያ ቁጥር ስለዚህ ዓይነት ስህተት የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። ከሪፖርቱ ሊጠየቅ የሚገባው የትኞቹ ተግባሮች ሳይከፈሉ መፈጸም እንዳለባቸው በጽሑፍ መቀመጡ፣ እነዚህ ተግባሮች በየትኞቹ ቅደም ተከተሎች እየተቋረጡ እንደተፈተኑ፣ የተገኙትም ስህተቶች እንደገና ተጠርተው መታረማቸው ነው። ይህን ሦስት ነገር መመለስ ያልቻለ ሪፖርት፣ የሙከራዎቹ ብዛት ምንም ያህል ቢሆን፣ ሶፍትዌሩን ለመልቀቅ የሚያበቃ ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።